የወንዳወቅና የትሕትና ጋሪ

ኑረንበርግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ወልደ ዮሐንስ፣ ፍኖተ ሰላም።

እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎ ከነጉልበትዎ ሕመም፣ እኅቴ ሰብሊ ከነልጆቿ፣ የግቢው ሰው ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኔ ከብርዱ በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ ስልኩም "ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?" ከማለት አያልፍምና እንደ ድሮው በወረቀት መጠያየቅ ሳይሻለን አይቀርም። እኔ የጻፍሁትን አዲስ አበባ ላለው ለአክስታችን ልጅ ለናሁሰናይ በስልክ እልክለታለሁ፣ እሱ አትሞ በአውቶቡስ ሰው ይሰድልዎታል። የእርስዎንም ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። እንዲህ ያለ ነገር እሱን አይሰለቸውም።

ዋናው ነገሬ ይህ ነው። የሰብሊ ባል ይሄይስ በወባ ካረፈ ወዲህ አባቱ አቶ ስሜነህ ከገበዝ ማርያም መጥተው "ሁለት ሕፃን ላንዲት ሴት ይከብዳል፤ ወንዱን እኔ ልውሰደው" አሉ ብሎ ናሁሰናይ ነገረኝ። ወንዳወቅ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትሕትና አራት ወሯ። ካሁኑ ከተለያዩ ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ የሚተያዩ ወንድምና እኅት ሆነው ይቀራሉ። እኔና ሰብሊ ባንድ አልጋ ነው ያደግነው፤ እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ ልጁ እንዳይሄድ የምችለውን ላድርግ ብዬ ተነሥቻለሁ።

እዚህ አገር እናት ሁለት ልጅ ባንድ ጋሪ አድርጋ ብቻዋን ገበያ ወጥታ ትገባለች። ጋሪ ስል የፈረሱ እንዳይመስልዎት፤ በእጅ የሚገፋ የሕፃን ጋሪ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ልጆቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ሌላው አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። ጎን ለጎኑ ልጆቹ እየተያዩ ስለሚሄዱ እኔ እሱን ወድጄዋለሁ፤ ግን ሰፊ ነው። የፊትና ኋላው ጠባብ ነው፤ ግን ስለሚረዝም ማዞሩ ጉልበት ይጠይቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሜዳ አለ፤ ሦስት ቅዳሜ የሰው ጋሪ ወዲያና ወዲህ ስገፋ ዋልሁ። ሻጮቹ አሁን ስሜን ያውቁታል።

ሰብሊን ስጠይቃት "አትድከሚ" ትለኛለች። ከቡሬ ለቃ እርስዎ ግቢ ለምን እንደገባችም አልነገረችኝም። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ። የግቢው በር ስፋቱ ያው ነው? መንገዱ ኮብልስቶን ተነጠፈ ወይስ እንደ ድሮው ጭቃ ነው? ጋሪውን የምትገፋው እሷ ብቻ ናት ወይስ የሚያግዛት ሰው አለ?

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።
የእኅትዎ ልጅ እስከዳር



ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

በሰው አገር ላለሽው ለልጄ ለእስከዳር።

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እኛ እንደ ጊዜው ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደምበጫ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ስድስት ቀን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አድሮ ደረሰኝ። ሽታው እስካሁን አለ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ የድንበር፣ የውርስ፣ የጠፋ በሬ። ስለ ሕፃን ጋሪ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስሜነህን በክፉ አትይው። ሲመጣ ማር ይዞ ነው የመጣው፤ ልጁን ቀብሮ ዓመት ሳይሞላው የልጅ ልጁን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገሩንም በሽማግሌ ፊት አስሮታል። ትሕትና በዘጠኝ ወሯ ክትባት አለባት፤ ይህም ከዳግማይ ትንሣኤ ጋር ይገጥማል። በማግሥቱ ሰብሊ ሁለቱንም ልጆች ይዛ፣ ማንም ሳያግዛት፣ ከዚህ ቤት ጤና ጣቢያ ደርሳ ከተመለሰች "አፌን እይዛለሁ" አለ። ካልሆነላት ግን ወንዳወቅን ይዞ ወደ ገበዝ ማርያም ይሄዳል። ሰብሊ "እሺ" አለች። ከእሺ ሌላ ቃል አልወጣትም። እንግዲህ የሚያግዛት አለ ወይ ላልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ እንዳይኖር ተብሏል።

መንገዱ ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ያው የምታውቂው ነው፤ መሐል ላይ የውሃ ቦይ ያቋርጠዋል። ከአስፋልቱ ወዲያ እስከ ጤና ጣቢያው ኮብልስቶን ተነጥፏል። ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ስለሚጋፋ ዳር ይዞ መሄድ ነው።

ስለ ስፋቱ የጠየቅሽኝን ግን ረጋ ብለሽ አንብቢው። የግቢያችን በር ሁለት ክንድ ተኩል እንደነበር ታውቂያለሽ። ሰብሊ ወደዚህ ከመጣች ወዲህ አንድ ክንድ ጎድሎብናል። የጎደለውን የሚሞላልን የለምና ጋሪውን በቀረው ልክ ፈልጊው። ቅኔ ቤት አራት ዓመት የቆየሁት በከንቱ አይደለምና ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቢያት።

እኔ በበኩሌ ልጁ ጥቂት ዓመት ገበዝ ማርያም ቢቆይ ይጎዳል ባይ አይደለሁም። ከስሜነህ ቤት ወተትም እህልም አይታጣም። ይህ የኔ አሳብ ነው፤ አንቺ የጀመርሽውን ጨርሺ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።
አጎትሽ ወልደ ዮሐንስ



ኑረንበርግ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ወልደ ዮሐንስ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጾሙ ሳይገባ ይህ ቢደርስዎ ደስ ይለኛል።

እንዳሉኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለት ጊዜም ተናደድሁ። አንድ ክንድ ሙሉ። ስም ባይጠሩም ማን እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ጎረቤታችን ባንቺአየሁ ናት። ልጅ ሆነን አጥሯን በየክረምቱ አንድ ስንዝር ወደኛ ስትገፋ እናታችን "ተዪያት፣ መሬት ይዛ አትሞት" ትል ነበር። አሁን ይሄ አልበቃ ብሏት በሩንም ያዘችው? እርስዎ የስንቱን ሰው የድንበር ማመልከቻ ጽፈው የራስዎን በር አስወሰዱ። ባልቴት ናት ብለው እንደራሩላት ይገባኛል። የኛ ሰብሊም ባልቴት ናት እኮ።

ለማንኛውም በክንዴ ለካሁ። አንድ ክንድ ተኩል ወደ ስልሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር መጣልኝ። ጎን ለጎኑን ከሜዳው ላይ ያሉትን በሙሉ በሜትር ለካኋቸው፤ ሁሉም ሰባ አምስትና ከዚያ በላይ ናቸው። አንዱን ሰማያዊ ጋሪ ወድጄው ሻጩን ይዤልሽ እቆያለሁ አሰኝቼው ነበር፤ ተውሁት። በፊትና ኋላ የሆነውን ገዛሁ። ስፋቱ ሃምሳ አምስት ነው። ግራጫ ነው፣ ጎማዎቹ ደህና ናቸው፣ ፍሬኑ በእግር የሚረገጥ ነው። መግፊያው እንደ ሁለት ምርኩዝ ለየብቻ ነው፣ አንዱ ለቀኝ እጅ አንዱ ለግራ። ሲታጠፍ እንደ ጃንጥላ ይሰበሰባል። ትልቁ ከፊት፣ ትንሿ ከኋላ እናቷ አጠገብ ትቀመጥ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ሰጥቼዋለሁ፤ ናሁሰናይ ይረከባል።

ደግሞ አንድ ነገር ገርሞኛል። ባለፈው እሑድ ስልኩ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሠርቶልን ነበር። ሰብሊን "በሩን እንዲህ ስታጠብበው ዝም አላችኋት?" አልኋት። "የቱን በር?" አለችኝ። ከዚያ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" አለችና ተቋረጠ። ድምፅዋ ደህና የሆነ ሰው ድምፅ አይመስልም። ወባ ይዟት ከሆነ አይደብቁኝ።

ባንቺአየሁን በኔ ስም ይንገሯት፤ የሁለት ሕፃናት መውጫ ዘግታ ቁርባን እንዴት እንደምትቀበል ትጠየቅልኝ።

በጸሎትዎ ያስቡኝ።
እስከዳር



ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል በደብዳቤ መግቢያ ላይ ስታዪ የምትደነግጪ ነሽና አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የሞተ ሰው የለም። አጠገብሽ ሰው ካለ ግን ጥሪውና አብራችሁ ተቀመጡ። ከሌለም ቁጭ በዪ።

ልጄ፣ ክንዱ የበሩ አይደለም። የሰብሊ ነው። ግራ ክንዷ ከክርኗ በላይ ተቆርጧል።

ኅዳር 14 ቀን ነው። የትሕትና ክርስትና ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ቡሬ ወፍጮ ቤት ሥራዋን ጀመረች። ነጠላዋን ማጅራቷ ላይ ሳትቋጥር እህል ልታፈስ ጎንበስ ስትል ጫፉን የሞተሩ ቀበቶ ያዘው። ነጠላውን ላስለቅቅ ብላ እጇን ሰደደች። ወፍጮው እስኪጠፋ ድረስ ያለው እንግዲህ ይኸው ነው። ወደዚህ ሐኪም ቤት አመጧት፣ ቆረጡላት፣ ከሃያ ቀን በኋላ እኔ ግቢ አስገባኋት። ከቡሬ ለምን ለቀቀች ያልሽው ይህ ነው።

ለምን አልነገራችሁኝም ትያለሽ። ሰብሊ ናት ያስማለችን፣ እኔንም ናሁሰናይንም። "እስከዳር ብቻዋን ናት፤ ሰው አጠገቧ ሳይኖር እንዳትነግሯት" አለች። እኔም ክፉ ወሬ ለሰው አገር ሰው በወረቀት እንደማይሰደድ ተምሬ ያደግሁ ነኝ። ከማልሁ አልናገር፣ ከጠየቅሽኝ አልዋሽ፤ መሐል ቤት ስቸገር ወርቁን በሰም ሸፍኜ ላክሁልሽ። አንቺ ሰሙን በሜትር ለክተሽ ጋሪ ገዛሽበት። ጥፋቱ የኔ ነው። ቅኔ የሚነገረው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ሲኖር እንደሆነ መምህራችን ይነግሩን ነበር። በሩ ዛሬም ሁለት ክንድ ተኩል ነው። ሰማያዊው ጋሪ በደንብ ያልፍ ነበር።

ስለ ባንቺአየሁ የጻፍሽውን አልነገርኋትም። ከኅዳር ጀምሮ የሕፃናቱን ጨርቅ የምታጥበው እሷ ናት። ስታጥብም ትሳደባለች፤ ጠባይዋን ታውቂዋለሽ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እኔም አንቺም የሩቅ ዘመድ ሳንሆን አንቀርም፣ እኔ እዚሁ ግቢ ተቀምጬ።

ሰብሊ አታለቅስም። ትሕትናን ስታጠባ በጉልበቷ ደግፋ ነው። ቋጠሮ በጥርሷ ትፈታለች። ስሜነህ ሽማግሌዎቹ ፊት "አንድ እጅ አያጨበጭብም" ብሎ ጀመረና የተናገረው ለራሱም ሲሰማው አፉን በጋቢው ያዘ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እኔም ይህን ስጽፍልሽ ሐዘን ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደ ማንኛውም ማመልከቻ ነው የጻፍሁት።

ጋሪው አዲስ አበባ ደርሷል። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል ብሏል ናሁሰናይ።

አጎትሽ ወልደ ዮሐንስ



ኑረንበርግ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ወልደ ዮሐንስ።

እንደምን ከረሙ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ከሰላምታው ማለፍ ያቃተኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ደብዳቤዎን ያነበብሁት ሥራ ቦታ ነው፣ የሆስፒታል ልብስ በምናጥብበት ክፍል፣ በዕረፍት ሰዓቴ። ጨርሼ ስልኩን ኪሴ ከተትሁና ሥራዬን ቀጠልሁ። የቀሩኝን አንሶላዎች በሙሉ አጣጠፍሁ። አንሶላ ሲታጠፍ ጫፍና ጫፉ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። አንዱን ጫፍ ለቀቅሁና በቀኝ እጄ ብቻ ሞከርሁት። አለቃዬ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ምንም አልሁ። እንደ ሰብሊ "ደህና ነኝ" አልሁ ልበልዎት።

ሁለት ወር ያህል ስለ በር ስናደድ፣ እሷንም በስልክ ስለ በር ስጠይቃት የነበረውን ሳስብ ያመኛል። በእርስዎ አዝኛለሁ። ዳግመኛ ለኔ ቅኔ አይጻፉልኝ። በግልጽ ጽፈውልኝ ብቻዬን ወድቄ ብነሣ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጋሪው ልመለስ። ቅዳሜ ወደ ሜዳው ሄጄ ግራ እጄን ካፖርቴ ውስጥ ሸሽጌ፣ እጅጌዬ ባዶውን ተንጠልጥሎ፣ የገዛሁትን የሚመስል ጋሪ ገፋሁ። ሁለቱ ምርኩዞች የተለያዩ ስለሆኑ ባንዱ ብቻ ሲገፉት ጋሪው ወደ ግራ እየዞረ ይሄዳል፤ ቀጥ አይልም። ውሃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች ጭኜ ደገምሁት፤ ባሰ። ሻጩ መጥቶ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ከራሱ ጋሪዎች መሐል አንዱን አወጣ። መግፊያው አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። እሱን መሐሉን ይዤ ባንድ እጄ ገፋሁት፤ ሄደ። ማዞሪያ ላይ ክርኔን ከብረቱ ጋር አስደግፌ ሆዴን ስገፋበት ዞረልኝ።

እሱን ገዝቼ ልላክ ብል ለዳግማይ ትንሣኤ አይደርስም። ስለዚህ እባክዎ እዚያው የሚበይድ ወይም የሚያስር ሰው ይፈልጉልኝ። ሁለቱን ምርኩዞች ከላይ የሚያገናኝ አንድ ወጥ እንጨት ይሁን ብረት ይግባበት። የልጆቹ ቀበቶ መቆለፊያ ሲጫኑት የሚገጥም ነው፤ መፍታቱ ግን ሁለት ጣት ጎንና ጎኑን ይዞ ነው፣ ቀድማ ትለማመደው።

ሌላም ልንገርዎት። ወሬውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ያሰብሁት ትሕትናን ወደኔ ማምጣት ነበር። ወንዱ ለስሜነህ፣ ሴቷ ለኔ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ ጠዋት ተውሁት። እኔም ከፋፋዮቹ መሐል ልገኝ ነበር። ለሰብሊ አይንገሯት።

እስከዳር



ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር።

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ይመስገን። ከእንግዲህ በግልጽ እጽፍልሻለሁ።

ጋሪው በሆሳዕና ሳምንት ደረሰ። ይዤው ወደ ገብረሰንበት ሄድሁ፤ ከመናኸሪያው ማዶ የፈረስ ጋሪ የሚሠራው። አገላብጦ አየውና "ፈረሱ ማን ነው?" አለኝ። ነገርሁት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። የወይራ እንጨት ልጎ፣ ሁለቱን ምርኩዞች በሁለቱ ዳር በብሎን አስሮ፣ መሐሉን በጠፍር ጠቀለለው፤ እጅ እንዳያንሸራትት ነው። የሰብሊን ቁመት ለካና አንድ ስንዝር ዝቅ አደረገው። ሰብሊ ሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ግቢ ውስጥ ድንች ጭና ገፋችው። ባንቺአየሁ በር ላይ ቆማ "ዙሪ፣ አሁን ዙሪ" እያለች ታዛለች።

ሰኞ ግንቦት 5 ቀን ሰብሊ ወጣች። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጨቅይቷል። ወንዳወቅን ከፊት፣ ትሕትናን ከኋላ አድርጋ ቀበቷቸውን ራሷ ቆለፈች። እኔና ስሜነህ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተን ተከተልናት። ባንቺአየሁም ሳትጠራ መጣች። ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ሰብሊ ግን ጎማውን ብቻ ነበር የምታየው።

ቦዩ ላይ የፊቱ ጎማ ገብቶ ቀረ። ገፋች፣ አልወጣም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ወርዶ ሊያነሣላት ሲጠጋ ስሜነህ "ተው ልጄ፣ አትንካት" አለው። ሾፌሩ ስሜነህን የተመለከተበትን ዓይን አልረሳውም። ሰብሊ ፍሬኑን ረግጣ ወደ ፊት ዞረች፣ ጎንበስ ብላ የወንዳወቅን ቀበቶ በጥርሷም በጣቷም ፈታችና አወረደችው። "ቀሚሴን ያዝ" አለችው። ያዘ። ፍሬኑን ለቃ እንጨቱን በደረቷ ወደ ታች ስትጫነው የፊቱ ጎማ ብድግ አለ፤ አሻገረችው። ከቦዩ ማዶ ልጁ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠ። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ባንቺአየሁ አጠገቤ ቆማ የማርያምን ስም እየጠራች ነበር።

ጤና ጣቢያ ተራ ጠበቀች፣ ሕፃኗ ተከተበች፣ አለቀሰች፣ አባበለቻት፣ በዚያው መንገድ ተመለሰች። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት። ስሜነህ "በቃ" አለ። ልጁ አይሄድም። ያንቺ ጋሪ ሥራውን ሠርቷል።

ይህን ብቻ ጽፌ ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምሳ በልተን ስናበቃ ስሜነህ ከኮቱ ኪስ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ለሰብሊ ሰጣት። "ልጄ፣ ልጅ ቀማኛ እየተባልሁ እንድቀር አልፈልግም። እኔ ተጠርቼ ነው የመጣሁ" አላት።

ወረቀቷ የኔ ናት። ኅዳር 25 ቀን፣ ሰብሊ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች ጽፌ በገበያተኛ እጅ ወደ ገበዝ ማርያም የላክኋት። "እናቲቱ ከእንግዲህ ለሁለት ልጆች የምትበቃ አይደለችምና መጥተህ ወንዱን ውሰድ" ይላል። ቀኑና ፊርማዬ ከግርጌው አለ። ላንቺ ሁሉን ስገልጥ ይህን አልገለጥሁም። እሷን አልጠየቅኋትም። የሚሻለውን ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሰውን ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ ባለጉዳዩን መጠየቅ ረሳሁ።

አነበበችው፣ መልሳ አጠፈችው፣ ጋሪው ሥር ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ከተተችው፤ ከዚያ ትሕትናን ልታጠባ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደምን አደሩ ትለኛለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላታለሁ። ማፈር የሚገባኝ ይመስለኛል። እስካሁን አልመጣልኝም። የምጠብቀው እሱን ነው።

ትላንት ወረቀትና ብዕር ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

ወልደ ዮሐንስ



ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእስከዳር።

እታለም፣ እንደምን ነሽልኝ? ወንዳወቅም ትሕትናም ደህና ናቸው። ትሕትና በክትባቱ አንድ ቀን አተኮሳት፣ አሁን ለቋታል። ይህን የምጽፍልሽ ራሴ ነኝ። ወረቀቱ እየሸሸ ስላስቸገረኝ የምስር ቆርቆሮ ጭኜበታለሁ፤ ጥጉ ላይ ያለው ክብ የሱ ነው።

አያ ወልደ ዮሐንስ ያንቺን ደብዳቤዎችና ያስቀሩትን የራሳቸውን ግልባጭ በሙሉ ሰጡኝ። ትሕትናን ልትወስጂ ያሰብሽበትም አለ። ሁሉንም አነበብሁ። አልተቆጣሁም። ቁጣው ከየት እንደሚመጣ የጠፋብኝ ይመስለኛል። በእሳቸውም አልጮኽሁም። ያን ጊዜ ለሽማግሌዎቹ እሺ ያልሁት ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ ነው፤ ሁሉም ነገር ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ።

ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የተቆረጠው ግራዬ ነው። ቀኜ ደህና ነው፣ የምጽፈውም በሱ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። አምስት ወር ሙሉ ስለ በሩ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ልጆቼ ስትጻጻፉ "እሷ ትጻፍ" ያለ የለም። አያም በአሥር እርምጃ ርቀት ተቀምጠው ለጀርመን ይጽፋሉ፤ አንቺም ከጀርመን ለሳቸው። እንዳይነግሩሽ ያስማልሁ እኔ ነኝና ጥፋቱ የኔም ነው። እንዳይነግሩሽ እንጂ እንዳትጠይቁኝ አልነበረም ያልሁት።

ጋሪው ደህና ነው። ወንዳወቅ ከፊት ሆኖ ፈረስ ነኝ ይላል። ሌላ አትላኪ፤ ትሕትናም ዳዴ ማለት ጀምራለች፣ ከክረምቱ ወዲያ ሁለቱም በእግራቸው ናቸው። ወፍጮ ቤት አልመለስም። ገብረሰንበት ሚስቱ ካሰች ገበያ ላይ እህል ስትሰፍር ሚዛን የሚይዝላት ሰው እንደምትፈልግ ነግሮኛል። ሚዛን ባንድ እጅ ይያዛል። ለሰኔ እጀምራለሁ።

ከእንግዲህ ስለኔ ማወቅ የፈለግሽውን እኔን ጠይቂኝ። ቢዘገይም እመልሳለሁ። ሳትጠይቂኝ አንዱን ልመልስልሽ፤ በስልክ ደህና ነኝ ያልሁሽ ውሸት ነው። ደህና አይደለሁም። የሌለው እጄ ጣቶቹ ሳይቀሩ ያመኛል፣ ጠዋት ጠዋት ይብሳል፣ ሐኪሙም ይህን የሚያድን መድኃኒት የለኝም ብሎኛል። ከሱ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ከወገን መጀመሪያ የምናገረው ላንቺ ነው።

እኅትሽ ሰብሊ